የጠርሙስ ስብርባሪን ፈጭቶ በከፊል በሲሚንቶ ቦታ መጠቀም፦ በወሎ ለሚገነቡ ዝርዝር መመሪያ

ሲሚንቶ በተወደደ ወይም ከገበያ በጠፋ ቁጥር የምትክ ወሬ ይበዛል። አንዱ "አመድ ጨምሩበት" ይላል፣ ሌላው "የእብነ በረድ ብናኝ ከሲሚንቶ አይለይም" ይላል። ወሬው ሁሌ የሚጀምረው ከሚጨመረው ነገር ነው። መጀመር ያለበት ግን ከሲሚንቶው ከረጢት ነው፤ ይህ መመሪያም ከዚያ ይነሳል። የተጻፈው በኮምቦልቻ፣ በደሴና በአካባቢው ብሎኬትና የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ለሚያመርቱ ማኅበራት፣ ለአነስተኛ ተቋራጮችና ለምህንድስና ተማሪዎች ነው። ቤቱን የሚያሠራ ሰውም ቢያነበው አይከፋም፤ ቢያንስ ተቋራጩን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈው

ገበያ ላይ የምናገኘው ሲሚንቶ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፦ ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) እና ፒፒሲ (ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ)። ፒፒሲ የሚባለው ገና ፋብሪካው ውስጥ ሲፈጭ ፖዞላና (ብቻውን የማይጠነክር፣ ከኖራና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን የሚይዝ ደቃቅ ነገር) ተጨምሮበታል፤ በአገራችን ይህ በአብዛኛው ፑሚስ የተባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በአውሮፓው የሲሚንቶ ደረጃ ፖዞላና ከተቀላቀለባቸው ዓይነቶች አንዱ ከ21 እስከ 35 በመቶ ድረስ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ፒፒሲ የገዛ ሰው የሲሚንቶውን የተወሰነ ክፍል ቀድሞውኑ በሌላ ነገር ተክቶ ነው የገዛው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። 30 በመቶ ፑሚስ ባለው ፒፒሲ ላይ 20 በመቶውን በጠርሙስ ዱቄት ብትተኩ፣ የቀረው ክሊንከር (በፋብሪካው ምድጃ ተቃጥሎ የሚወጣው ዋናው የሲሚንቶ ክፍል) 56 በመቶ ብቻ ይሆናል። ዱቄቱም ፑሚሱም አንድ ዓይነት ምግብ ነው የሚፈልጉት፦ ሲሚንቶው ውሃ ሲያገኝ የሚያወጣውን ነጻ ኖራ። ክሊንከሩ ሲቀንስ ኖራውም ይቀንሳል፤ የሚሻሙት ሁለቱ ግን ይበዛሉ። አንዳንድ ቦታ "ሞክረነው አልያዘም" የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በዚህ መመሪያ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የሚሠሩት ለኦፒሲ ነው። ያገኛችሁት ፒፒሲ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና እንዳለ ተጠቀሙበት።

የትኛው ቆሻሻ ይሆናል?

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳና ብረታ ብረት ከቆየ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከፋብሪካ በር የሚወጣ ነገር ሁሉ ግን ኮንክሪት ውስጥ አይገባም።

የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ክሮሚየም ስላለበት አትንኩት። ከቆርቆሮ መለበጫ የሚወጣ የዚንክ አመድ ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያደርጋል። የማቅለሚያ ዝቃጭ ጨውና ብስባሽ ነገር ይዞ ይመጣል። እነዚህን በቁጥጥር ሥር ማስወገድ የፋብሪካዎቹ ሥራ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ መደበቅ መፍትሔ አይሆንም።

የእብነ በረድ ብናኝ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥቅሙም እንዲሁ። ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ ስታደርጉበት አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፣ ከኖራው ጋር ተዋህዶ ሙጫ አይሆንም። ክፍተት ይሞላል፣ ከዚያ አያልፍም።

የቦይለር አመድ ጉዳይ የሚወሰነው በሚነደው ነገር ነው። የከሰል ድንጋይ አመድ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጠቆር ያለ ከሆነ ያልነደደ ካርቦን አለበት፤ ካርቦን ውሃ ይጠጣል። የአሜሪካው የቁሳቁስ ደረጃ አውጪ ድርጅት ኤኤስቲኤም ባወጣው ሲ 618 ደረጃ መሠረት ሲቃጠል የሚጠፋው ክብደት ከ6 በመቶ ማለፍ የለበትም። የእንጨት አመድን ተዉት።

የሸክላ ጡብ ስብርባሪ በመጠኑ ተቃጥሎ ከሆነ፣ ማለትም እንደ መስታወት እስኪቀልጥ ካልበሰለ፣ ጥሩ ፖዞላና ነው፤ ችግሩ ውሃ መጠጣቱ ነው።

እኔ የምመርጠው ጠርሙስን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የጠርሙስ ይዘት ከጭነት ጭነት ብዙ አይለያይም። አመድ ግን ዛሬና በሚቀጥለው ወር የተለያየ ነገር ነው። ጠርሙስ 70 በመቶ ገደማ ሲሊካ፣ 13 በመቶ ገደማ ሶዲየም ኦክሳይድና 10 በመቶ ገደማ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፤ ሲሊካውም ክሪስታል ስላልሠራ ከኖራው ጋር ለመዋሃድ ዝግጁ ነው። የተፈጨ ጠርሙስ በኮንክሪት ውስጥ የራሱ ደረጃ ወጥቶለታል፦ ኤኤስቲኤም ሲ 1866።

አሰባሰብና አጠባ

ስብርባሪው ከቢራ ፋብሪካ፣ ከመጠጥ አከፋፋዮች፣ ከሆቴሎችና ከቆራሌዎች ይገኛል። ከማን ጋር ብትስማሙም ሦስት ነገር ለይታችሁ ተነጋገሩ፦ የጠርሙስ መስታወት ብቻ ይሁን፤ የመኪና መስታወት፣ አምፖልና የቴሌቪዥን ስክሪን አይግባበት፤ ቆርኪው ይለቀም። ቡናማና አረንጓዴ ቢደባለቅ ለጥንካሬው ለውጥ የለውም።

ማጠቡን እንደ ትርፍ ሥራ አትዩት። በጠርሙሱ ውስጥ የደረቀ ለስላሳ ስኳር አለው፣ ስኳር ደግሞ በትንሽ መጠንም ሲሚንቶ እንዳይጠብቅ ያደርጋል። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ወረቀቱና ሙጫው ይላቀቅ፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ዱቄቱ በመጨረሻ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። የኮምቦልቻ ወይም የከሚሴ ፀሐይ በበጋ ለዚህ በቂ ነው፤ በክረምት ግን መጠለያ ሥር ካልሆነ አይሞከርም።

ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የተሸፈነ ጫማ። ሰንደል ጫማ አድርጎ ስብርባሪ ላይ የሚቆም ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ።

መፍጨት፦ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይወሰናል

ጠርሙስ በኮንክሪት ውስጥ ሁለት ጠባይ አለው። ሻካራ ሆኖ፣ እንደ አሸዋ ቅንጣት ሆኖ ከገባ፣ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር እየተገናኘ ውሃ እየጠጣ የሚያብጥ ጄል ይሠራል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱ መረብ የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። በደንብ ከደቀቀ ግን ያው ሲሊካ ገና በጊዜ ከኖራው ጋር ይዋሃድና ጠንካራ ሙጫ ይሆናል፣ እንዲያውም ያንን እብጠት ይቀንሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው የቅንጣቱ መጠን ብቻ ነው። ቢያንስ በሙሉ ከ75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች፣ ቢቻል አብዛኛው ከ45 ማይክሮን በታች መሆን አለበት። 75 ማይክሮን ማለት በቁጥር 200 ወንፊት የሚያልፍ ነው። ለፖዞላናዎች በጥቅሉ ሲ 618 በ45 ማይክሮን ወንፊት ላይ የሚቀረው ከ34 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የቤት ወንፊት ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ በጣት እየዳበሱ መገመትም ለጠርሙስ ዱቄት አይሆንም።

ታዲያ የት ይፈጭ? በመጀመሪያ የት እንደማይፈጭ ልናገር። የእህል ወፍጮ ቤት አይወሰድም። ባለቤቱ ቢስማማ፣ ማታ ቢሆን፣ "እናጥበዋለን" ቢባል እንኳ አይወሰድም። የጠርሙስ ስብርባሪ በነጋታው በሚፈጨው ጤፍና ሽንብራ ውስጥ ይቀራል።

ለሙከራ የሚበቃውን ያህል ለማግኘት የጠጠርን ጥንካሬ የሚለካው የሎስ አንጀለስ ማሽን ያገለግላል፦ በውስጡ የብረት ኳሶች ያሉት የሚሽከረከር ከበሮ ነው። ስብርባሪውን ቀድማችሁ በመዶሻ፣ ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ወደ ሽንብራ መጠን አድቅቁት፤ ከዚያ በማሽኑ ደጋግማችሁ አሽከርክሩ፣ በቁጥር 200 ወንፊት አጣሩ፣ ያላለፈውን መልሱ። ማሽኑ የቁሳቁስ ላቦራቶሪ ባለበት ይገኛል። በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ስላለው መጀመሪያ የሚንኳኳ በር ነው። ለምርት ግን የራስ የኳስ ወፍጮ ያስፈልጋል፤ የወጪው ትልቁ ክፍል ይህና የሚበላው መብራት ነው። ስለዚህ ማኅበራት ለየብቻ ከሚገዙ በጋራ ቢይዙት ይሻላል። የተፈጨው ዱቄት ወጪ፣ ማለትም የጠርሙሱ ግዢ፣ ማጠቢያ ውሃው፣ መብራቱና ጉልበቱ ተደምሮ በኪሎ ከኦፒሲው ዋጋ በግልጽ ካላነሰ ድካሙ ትርፍ የለውም።

ሲፈጭ አቧራው እንዳይወጣ ከበሮው በደንብ ይዘጋ፣ ሠራተኛው አቧራ የሚያጣራ ማስክ ያድርግ። ነጠላ ጥምጥም ማስክ አይደለም።

በኖራ የሚደረግ ቅድመ ፈተና

ወደ ኪዩብ፣ ማለትም ጥንካሬው በማሽን ወደሚፈተን የኮንክሪት ቁራጭ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ዱቄቱ ነፍስ እንዳለው በርካሽ ማየት ይቻላል። በክብደት 1 እጅ የጠፋ ኖራ (ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነ ኖራ) ከ2 እጅ ዱቄት ጋር በደረቁ ቀላቅሉ፣ በትንሽ ውሃ አቡኩት፣ የብይ ኳስ ያህል እያድቦለቦላችሁ ጠፍጥፉት። ለማነጻጸሪያ እንዲሁ አድርጋችሁ በደቀቀ አሸዋ ሌላ ሥሩ። ሁለቱንም በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውሃ ውስጥ ክተቱ። የአሸዋው ይፈረካከሳል፤ የጠርሙሱ ጠንክሮ ቅርጹን መያዝ አለበት። እሱም ከፈረሰ ዱቄቱ አልደቀቀም ወይም ኖራው አርጅቷል። ይህ ፈተና "ወደፊት ቀጥል" ለማለት ብቻ ነው፤ ስንት በመቶ እንደሚጨመር አይናገርም።

የሙከራ ቅልቅል

አራት ቅልቅል ሥሩ፦ ምንም ዱቄት የሌለው፣ 10፣ 15 እና 20 በመቶ የተተካባቸው። ዱቄት የሌለውን "እሱንማ እናውቀዋለን" ብላችሁ አትዝለሉት። ከተመሳሳይ ከረጢት፣ ከተመሳሳይ አሸዋ፣ በተመሳሳይ ቀን ካልተሠራ ሌሎቹን ከምን ጋር ታወዳድራላችሁ?

ከእያንዳንዱ ቅልቅል ባለ 15 ሴንቲ ሜትር 9 ኪዩብ ያስፈልጋል፦ 3 ለ7ኛ ቀን፣ 3 ለ28ኛ፣ 3 ለ56ኛ። ከሚባክነው ጋር ለአንዱ ቅልቅል 35 ሊትር ኮንክሪት ይበቃል። በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ለሚያስገባው የተለመደው የሲ-25 (ጥንካሬው በ28 ቀን 25 ሜጋ ፓስካል የሚደርስ ኮንክሪት) አሠራር፣ ለ35 ሊትር የሚመዘነው እንዲህ ነው፦

ሲሚንቶና ዱቄት በድምሩ 12.6 ኪሎ፤
ውሃ 6.3 ሊትር፤
አሸዋ 24.2 ኪሎ፤
ጠጠር 39.6 ኪሎ።

ለ10 በመቶው ኦፒሲ 11.34 ኪሎ ከዱቄት 1.26 ኪሎ ጋር፤ ለ15 በመቶው 10.71 ከ1.89 ጋር፤ ለ20 በመቶው 10.08 ከ2.52 ጋር። በድምሩ 6 ኪሎ የማይሞላ ዱቄት ነው፤ 8 ኪሎ አዘጋጁ። የጠርሙስ ዱቄት ከሲሚንቶ ስለሚቀል በእኩል ክብደት ሲተካ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። በ10 በመቶ ጊዜ በሜትር ኪዩብ 3 ሊትር ገደማ ነው፣ 8 ኪሎ አሸዋ በመቀነስ ይስተካከላል። ለ35 ሊትር ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሸዋውን ቀድማችሁ ፈትሹ። ከቦርከናም ይምጣ ከሌላ ወንዝ፣ ጭቃው በይዘት ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ውጤቱ ሲወርድ ጠርሙሱ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። አሸዋው እርጥብ ከሆነም የያዘውን ውሃ ከ6.3 ሊትሩ ቀንሱ።

ኪዩቦቹን በማግሥቱ ከሻጋታ አውጥታችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱ። ከመሰበራቸው በፊት መዝኗቸው፦ አንዱ 8 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት። ከ7.8 ኪሎ በታች ከሆነ በደንብ አልተጠቀጠቀም ማለት ነው፤ የዚያ ኪዩብ ጥንካሬ ስለ ጠርሙሱ የሚነግረን ነገር የለም። ኪዩቡ 25 ሜጋ ፓስካል ደረሰ የሚባለው ማሽኑ ላይ 562 ኪሎ ኒውተን ገደማ ሲሸከም ነው።

ውጤቱን ማንበብ

በ7ኛው ቀን ጠርሙስ ያለባቸው ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ አትደንግጡ። ውህደቱ ዘገምተኛ ነው። በ28ኛው ቀን ልዩነቱ ይጠባል፤ 10 በመቶው ብዙ ጊዜ ከንጹሑ ጋር ይቀራረባል፣ 20 በመቶው ደግሞ እስከ 56ኛው ቀን መታገስ ሊፈልግ ይችላል።

የሚፈለገው ሲ-25 ከሆነ የሙከራው አማካይ 25 ላይ መድረሱ አይበቃም። ሥራ ቦታ ላይ ልኬት ይዛባል፣ ውሃ ይበዛል። የተለመደው ስሌት ከ25 ላይ የልኬት መዋዠቁን 1.64 እጥፍ መጨመር ነው፤ መዋዠቁ 5 ሜጋ ፓስካል ቢሆን አማካዩ 33 ገደማ ሊሆን ይገባል። ይህን በ28 ቀን ያለፈውን ከፍተኛውን መቶኛ ውሰዱ፣ ከዚያም አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። 20 በመቶው ፈተናውን ካለፈ በ15 ጀምሩ። ለብዙዎቹ ማኅበራት 10 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው።

በዓመት ብዙ ሜትር ኪዩብ የምታመርቱ ከሆነ የእብጠት ፈተናውንም አሠሩ። በኤኤስቲኤም ሲ 1567 የሞርታር ዘንጎች በ80 ዲግሪ ሙቀት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ 14 ቀን ይቆያሉ፤ ርዝመታቸው ከ0.10 በመቶ በላይ ካልጨመረ ያልፋሉ።

ሥራ ቦታ ላይ

ዱቄቱ በሥራ ቦታ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአለካክ ነው። በከረጢት የሚሠራ ሰው 50 ኪሎ ሲሚንቶውን ሙሉ ከትቶ 5 ኪሎ ዱቄት ይደርብበታል፣ አሸዋና ጠጠሩ እንዳለ ነው። ያኔ የተተካ ሲሚንቶ የለም፣ ወጪ ብቻ ተጨመረ። በሌላ በኩል ግንበኛው "ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር ከአሸዋው ነው ከሲሚንቶው የሚቆጠር?" ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄውን አትናቁበት፤ ካልጠየቀ በሳጥን ሰፍሮ ነው የሚጨምረው።

ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። 9 ከረጢት ኦፒሲና 50 ኪሎ ዱቄት በደረቅ ቦታ፣ ከተቻለ ባዶ ሚክሰር ውስጥ በየተራ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን አደባልቁ። እየመዘናችሁ ወደ 10 ከረጢት መልሱት። እያንዳንዱ 50 ኪሎ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግንበኛው እንደ ማንኛውም ከረጢት ይቆጥረዋል፦ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር በሆነው ሳጥን 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ለ15 በመቶ 17 ከረጢት ከ3 ከረጢት ክብደት ዱቄት ጋር፣ ለ20 በመቶ 4 ከ1 ጋር። የተደባለቀው በዚያው ቀን ያልቅ፤ የተከፈተ ሲሚንቶ የደሴን ጉም አይችልም።

ጠርሙስ ውሃ አይጠጣም፣ ስለዚህ ውሃ መጨመር አያስፈልግም። ሠራተኛው "ደረቀብን" ካለ የኮንክሪቱን ልስላሴ በሚያሳየው የስላምፕ ሾጣጣ ለኩና ወስኑ፤ ባልዲ አታቀብሉት።

ውሃ ማጠጣቱ ከተለመደው 7 ቀን ወደ 14 ይራዘም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ብርዱ ስለሚጨምር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውህደቱ ይበልጥ ይዘገያል፤ ፎርማውን ለመፍታት አትቸኩሉ። ቆቦና ከሚሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ከላይ ያለው ውሃ በፍጥነት ይተናል፣ ስለዚህ ጆንያ አልብሳችሁ ጠዋትና ማታ አርጥቡ።

የት ይግባ፣ የት አይግባ

ብሎኬት፣ የእግረኛ ንጣፍ፣ የመንገድ ጠርዝ፣ ከመሠረት በታች የሚነጠፍ ስስ ኮንክሪት፣ የግቢ ወለል። በእነዚህ መጀመር ይቻላል።

ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ ግን መዋቅሩን ያሰላው መሐንዲስ የኪዩቡን ውጤት አይቶ በፊርማው ካልተቀበለ አይነኩም። ወሎ የአፋር ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው ያለው። ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። ለንጣፍ የተፈቀደ ቅልቅል ለኮለን ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ ደንበኛውም ምን እንደተጨመረ በጽሑፍ ይወቅ።

ከእያንዳንዱ አዲስ የተፈጨ ክምር 1 ኪሎ ዱቄት በላስቲክ አሽጋችሁ፣ የተፈጨበትን ቀንና የጠርሙሱን ምንጭ ጽፋችሁ፣ የ56ኛው ቀን ኪዩብ እስኪሰበር አስቀምጡ። ቁጥሩ ከወረደ መጀመሪያ በቁጥር 200 ወንፊት መልሳችሁ የምታጣሩት እሱን ነው።